የመስከረም ዝላይ

ሰው ጅል ሆኖ ሲወለድ አንድ ነገር ነው። ተምሮ፣ ለፍቶ፣ በመንግሥት ወጪ ጅል ሲሆን ግን ሌላ ነው። እኔ ሁለተኛው ነኝ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ በሂሳብ ትምህርት ክፍል ረዳት መምህር ሳለሁ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩና የሞጣውን ነጋዴ የአቶ ሙሐመድጣሂርን ስም በገዛ አገራቸው አጠፋሁ። ደብዳቤው «ልኬታቸው ሐሰት ነው» ይላል። ጨው በሚዛን፣ አቡጀዲ በክንድ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ሊባል ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በየአውራጃው የዝናብ መለኪያ ተክሎ ነበር። መለኪያው አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ የተጠራቀመው ውኃ በየጧቱ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ ይለካና ቅጽ ላይ ይጻፋል። የቢቸናውን የሚለኩት አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ነበሩ፤ የሞጣውን አቶ ሙሐመድጣሂር። የሁለቱም የአሥር ዓመት መዝገብ ግልባጭ አዲስ አበባ ተቆልፎበት አቧራ ሲጠጣ እኔ አገኘሁት። አገኘሁት ስል አየሁት ማለቴ አይደለም። ለኮምፒዩተር ካርድ የምትበሳውን ልጅ «የእያንዳንዱን ቀን ዝናብ ካርድ ላይ አስፍሪልኝ፤ ቀኑን ደግሞ ወደ ፈረንጅ ገልብጪው» ብዬ አዘዝኩ እንጂ የአባቴን የእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥኩም። ለምን በፈረንጅ? ሳይንስ በፈረንጅ ቀን ነዋ የሚናገረው! ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ኮምፒዩተር ያኔ ገና መግባቱ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ይይዛል፣ ይጮኻል፣ ይሞቃል፤ እኔ የምጠቀምበት እሑድ እሑድ ተፈቅዶልኝ ነው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የአሥር ዓመት ዝናብ ታጎርሰዋለህ፣ እሱ ደግሞ ሲያባዛና ሲደምር ውሎ «በዚህ ውስጥ በየስንት ቀኑ ተመልሶ የሚመጣ ነገር አለ» የሚለውን ይነግርሃል።

ውጤቱ ሲወጣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ቢቸና ላይ ዝናብ በየሰባት ቀኑ ቀጥ ይላል! ደግሞ በየሠላሳው ቀን ውስጥ አራት የታወቁ ቀናት አሉ፤ በእነሱም ቀጥ ይላል። ባቆመ ማግሥት ታዲያ እጥፉን ይወርዳል። የጨረቃ ሥራ ነው እንዳልል ጨረቃ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ናት። የፈረንጅ ወር ነው እንዳልል እሱ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሠላሳ አንድ ነው። ይህ ግን ሠላሳ ነው፣ ድርቅ ያለ ሠላሳ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ዑደቱ በየዓመቱ አምስት ቀን ይዘላል፤ በየአራት ዓመቱ ስድስት። «የመስከረም ዝላይ» ብዬ ስም አወጣሁለት። አየሩ ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር ለምን እንደሚደናቀፍም አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አሥራ አንድ! ከእናንተ መካከል እዚህ ላይ የሳቀ ካለ ይሳቅ፤ እኔ ያኔ አልሳቅኩም።

የሞጣው መዝገብ ግን ይህ ሁሉ የለበትም። እዚያ ዝናቡ እንዳሻው ይዘንባል፣ እንዳሻው ያቆማል። ቢቸና በሥርዓት የሚሄድ ሰማይ እዚያው አጠገቧ ሞጣ ሲደርስ ሥርዓቱን እንዴት ይረሳል? ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ የሞጣው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቁጥር ይፈጥራል። የመጀመሪያው በሐሳቤም አልመጣም። «የሞጣው ልኬት ሐሰት ነው፤ መሣሪያው ይነሣ» ብዬ ጻፍኩ፣ መሥሪያ ቤቱም ያንኑ ወደ ሞጣ ልኮ በገበያ መካከል እንዲነበብ አደረገ። እኔም በጥናቴ ተመስግኜ ውጭ አገር ለዶክትሬት ታጨሁ። ሐምሌ ላይ «አገርህ አይደል? ሂድና የሞጣውን መሣሪያ ተረክበህ ና» ተባልኩ።

እስከ ደጀን በአውቶቡስ፣ ከደጀን ቢቸና በጭነት መኪና ሄድኩ። መኪናው እኛን ከጫነበት እኛ እሱን በጭቃ የገፋንበት ይበልጣል። ቤት የደረስኩ ሐምሌ ሃያ ማታ ነው። እናቴ የሺእመቤት ስማ ስትጨርስ፣ ራት ተበልቶ እጅ ሲታጠብ፣ ከኮምፒዩተር የወጣውን ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ነገ ቢቸና ላይ ጠብ አይልም» አልኩ።

«በሐምሌ?» አለች እናቴ። «ወይ ልጄን፣ መንገዱ ጎድቶታል።»

«ማን ነገረህ?» አሉ አባቴ።

«ኮምፒዩተር ነዋ፣ አባቴ። የማይሳሳት ማሽን ነው።»

«ቢቸናን ያውቃታል?»

«ከእኔም ከእርስዎም በላይ።»

አባቴ «ይሁን እንግዲህ» ብለው ተነሡ።

ጧት ስነቃ ሰማዩ ተቀዶ ነበር። ያን የመሰለ ዝናብ ከልጅነቴ ጀምሮ አላየሁም፤ ደጁ ወንዝ ሆኗል። በአዲሱ ጫማዬ ወጥቼ መለኪያው አጠገብ ቆምኩ። ምን አደርጋለሁ ብዬ እንደ ሆነ እንጃ፤ ያቆምልኝ ይሆን ብዬ መሰለኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ውኃው ሲንጣለል ይሰማኛል። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጣሪያው ሥር ተቀምጠዋል። የመለኪያው ሰዓት ሲደርስ መዝገባቸውን አወጡ፣ እኔንም ሰማዩንም አዩ፣ ጻፉ። ውኃ እየተንጠባጠብኩ ሄጄ አየሁ። «ሐምሌ ፳፩፣ አልቦ» ይላል።

ምንም አልዘነበም ማለት ነው። ትንቢቴ ደረሰ! ሸሚዜን ብትጨምቁት አንድ ገንቦ ይሞላ ነበር፣ ትንቢቴ ግን ደረሰ።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የጻፉት?»

«ዛሬ ማርያም አይደለችም እንዴ?»

«ብትሆንስ?»

«አንተ፣ ምን ነካህ! በማርያም ቀን እህል የማልሰፍር ሰው ዝናብ ልስፈር?»

«ታዲያ አልቦ ለምን ይላሉ?»

«ቅጹ ‹ባዶ ቦታ አይተው› ይላላ። ያልለካሁትን ስንት ልበለው? ነገ የዛሬውን ከነገው ጋር ሳይጎድል እለካዋለሁ። ከእግዜር ውኃ ጠብታ ሰርቄ አላውቅም።»

የሚያከብሩትን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ እሑድ፣ ከወሩም ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ እግዚአብሔር። በየሰባት ቀኑ። በየሠላሳው አራት። ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ተስፋ ብቻ ቀረችኝ።

«እሺ፣ መስከረም ሲጠባ አምስት ቀን የሚዘለውስ? በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት?»

አባቴ ብዙ አዩኝ። እኚህ ሰው ገና በስምንት ዓመቴ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላቱንና የዘመኑን አቆጣጠር፣ በጣቶቼ አንጓ ያስቆጠሩኝ ናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ ሕመምተኛ እንደሚያነጋግሩ ቀስ ብለው፤ «ይህማ ጳጉሜን ነው።»

«ምን ሆነ ነው የምትሉት?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ምንም፤ ጳጉሜንን አገኘ» አሏት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ሐሳቤ ዝም ማለት ነበር። ማን ያውቃል? አባቴ እንደሆኑ ማርያም ማርያም አልቦ እየጻፉ ይኖራሉ። የሞጣውን ቆርቆሮ እነቅላለሁ፣ አውሮፕላን እሳፈራለሁ፣ ዶክተር ሆኜ እመለሳለሁ። እንዲያ እያሰብኩ ሳለሁ አባቴ «ሞጣ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ለአባቴ ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበርና እውነቱ ወጣ። ደብዳቤውን ከነቃሉ ነገርኳቸው።

ተነሥተው ቆሙ። «በእኔ አልቦ የሰው ስም አጠፋህ?»

«አዎ» አልኩ።

«ነጋዴውን ሐሰተኛ አልከው? ሰው ፊት?» አሉ። «ያን ሁሉ እሑድ ማሽን ከምትጠይቅ፣ አንድ ቀን ‹አባቴ፣ ቢቸና እሑድ እሑድ ለምን አይዘንብም› ብለህ ብትልክብኝ ምን ነበረበት?»

አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

በማግሥቱ አባቴ አስቀድመው ዝናባቸውን ለኩ፤ እጥፍ ነበር፣ ምን ይጠየቃል። ከዚያ ወረቀትና ብዕር አቀረቡልኝና «ጻፍ» አሉኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ። የተሳሳተው የቢቸናው መዝገብ ነው፣ ትክክሉ የሞጣው ነው፣ ጥናቴም ከንቱ ነው አልኩ። ውጭ አገር መሄዴ በዚያች ገጽ ተኩል ቀረ። ፖስታውን አባቴ ራሳቸው አሸጉትና በቅሎ ጫኑ። ቢመክሯቸው፣ መንገዱ ጭቃ ነው ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ መዝገባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አብረውኝ ወጡ። ደብረ ወርቅ አድረን፣ ጭቃው እየያዘን፣ በሞጣ የገበያ ቀን ደረስን።

ከገበያው ዳር አባቴ ከበቅሎ ወርደው አንድ ድንጋይ አነሡ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ወደ ገዛ ጫንቃቸው ሲያወጡት ያዝኳቸው።

«መዝገቡ የእኔ ነው» አሉ።

«ደብዳቤው ግን የእኔ ነው» ብዬ ተቀበልኳቸው።

እንግዲህ ሳሉኝ፤ ኮት ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ በሞጣ ገበያ መካከል። «ምን ሰርቆ ነው?» ይላል አንዱ። «ምን ይሰርቃል፣ የተማረ ነው» ይላል ሌላው።

አቶ ሙሐመድጣሂር ጨዋቸውንና ሚዛናቸውን ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ማንም የለም። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ጨው ሻጭ ዘንድ ግን ሴቶች ተጋፍተዋል። ያንን ሳይ ድንጋዩ ከበደኝ። ባለቤታቸው ዑሙሰልማ ቀድማ አየችንና «እናንተ ሆይ፣ እንግዳ!» ብላ ተነሣች። እኔ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

«በሐሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ ልኬት ልክ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴም መዝገባቸውን ዘርግተው የበዓላቱን አልቦ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። አቶ ሙሐመድጣሂር ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡ።

«እርስዎ አልዋሹም፣ መሪጌታ» አሉ፤ «ጠያቂ አጡ እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ድንጋዩ ስንት ይመዝናል?»

ያልጠበቅሁት ጥያቄ ነው። «እንጃ፤ ሃያ ኪሎ አያጣም» አልኩ።

«መዝነኸዋል?»

«አልመዘንኩትም።»

«አዬ! አሁንም?»

ገበያው ሳቀ። ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥተው ሚዛናቸው ላይ አኖሩት፣ ብረቱን እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ የሚዛኑ ምላስ እስኪረጋ ጠበቁ። ሰው ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ ያለው ጨው ሻጭ እንኳ ሥራውን ትቶ አንገቱን አሰገገ።

«አንተ ሃያ ትላለህ፤ ሚዛኔ አሥራ አንድ ኪሎ ከሩብ ይላል። ማናችን ነን ሐሰተኛ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጮክ በል እንጂ! ደብዳቤህ በሹክሹክታ አልተነበበም።»

«የአቶ ሙሐመድጣሂር ልኬት ልክ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሐሰተኛው እኔ ነኝ!» ማልቀሴን ያወቅሁት አፌ ጨው ጨው ሲለኝ ነው።

እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ። «አውፍ ብያለሁ። አላህም ይቅር ይበልህ። ደብዳቤህ ግን የተነበበው በሦስት ገበያ ነው።»

«ኧረ ይበቃዋል፣ ልጅ ነው» አለች ዑሙሰልማ።

«ሦስት ነው» አሉ።

አባቴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ቁጥር ላይ ሁለቱ በአንድ አፍ ናቸው። ሞጣ ቆየሁ። በሁለተኛውም ገበያ ድንጋዩን ተሸክሜ ጮኽኩ፣ በሦስተኛውም። በሦስተኛው የመጨረሻውን ቃል ጨርሼ፣ አሁን የሚያጽናናኝ አላጣም ብዬ ዙሪያዬን ሳይ፣ ከኋላዬ ጨው ሊገዙ የተሰለፉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ በክንዷ ገፋ አደረገችኝ።

«ወዲያ በል፣ አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «ሚዛኑን አትከልልብን።»