የማይከፈቱት ፎቶዎች

ወሬውን የሰማችው ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋልላ፣ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ ሳለ ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣው እስኪሠራ ብሎ ወደ ሌላ ክፍል እንደሄደ ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ነበር። የማይሸጠው ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ ሁሉ ጮሌው ይለዋል። ያን ቀን ግን ድምፁ የሻጭ ድምፅ አልነበረም።

"እታለም፣ የረጅሙን ፕሮግራም ገዙት" አላት።

ማን እንደገዛው መናገር አላስፈለገውም። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ የዚያ ግዙፍ ኩባንያ ደንበኛ ነው። ፕሮግራሙን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለማንም በነጻ እንሰጣለን ማለታቸውንም ነገራት። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የወጣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። እሱ ያለቀሰች መስሎት ያባብላት ጀመር፤ እሷ ደግሞ አላለቀስኩም የምትልበት ምላስ አልነበራትም።

ረጅሙ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። አብረው ተምረው፣ ተለያይተው፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም በየፊናቸው አንድ ዓይነት ሥራ ያዙ፤ ለፎቶ ቤቶች የሚሆን የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር መሥራት። የእሱ ፈጣን ነው፣ ለዐይንም ይስባል። የእሷን ጮሌው "መልኩ ባያምርም ጠባዩ የሚመሰገን" እያለ ይሸጠው ነበር። ጠባዩ የሚታየው ፊት ላይ ነው። ጠይሙን አያነጣም፣ ቀዩን አያገረጣም፣ የሽማግሌን ግንባር እንደ ሳህን አያለሰልስም። ፕሮግራሙን የምትጽፈው እሷ ናት፤ የሚሸጠውና የደንበኛ ስልክ የሚያነሳው ወንድሟ። ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነበር። ደማቅ ግድግዳ ቀለም የሚመርጥን ዐይን ስለሚያታልል የሁለቱንም ክፍል ግድግዳ ግራጫ ቀብተውታል። ቤት አከራያቸው ባየው ቁጥር ሐዘን ላይ ያሉ ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ የተለየቻቸው የመጀመሪያዋ ደንበኛቸው ናት። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነች፣ በዕድሜ ትበልጣቸዋለች፣ እትዬ ነው የሚሏት። በስልክ መናገር ከብዷት ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ መጣች። ዐይናቸውን ማየት አቅቷት ግራጫውን ግድግዳ እያየች፣ ያኛው ነጻ መሆኑን፣ ፈጣንም መሆኑን፣ ልጆቿም እያሾፉባት መሆኑን ነገረቻቸው። ጮሌው ወንበር ስቦ አስቀመጣትና እሱ ራሱ ያጽናናት ጀመር። እሷ ስትወጣ ግን ፊቱን ጣለ።

ሌሎቹ ደረጃ መውጣት አላስፈለጋቸውም። ዝም ብለው ጠፉ። ወንድሟ ዋጋ እንቀንስ አለ፤ እሷም ከነጻ በታች ምን ዋጋ እንዳለ ጠየቀችው። አንዱን ክፍል ለቀቁ። ጮሌው ከምሳ በኋላ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ሶፋ መሸጥ ጀመረ፤ እሷ ለትምህርት ቤቶችና ለሐኪም ቤቶች ድረ ገጽ እየሠራች ፕሮግራሙን በተረፋት ሰዓት ታሻሽል ነበር። እንዝጋው ሲላት ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ትለዋለች። ለምን ጊዜ እንደፈለገች ግን እሷም አታውቀውም። አንዳንዴ የረጅሙን ፕሮግራም ትከፍትና አሠራሩን ታደንቃለች። ጎበዝ ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳታል።

እንዲህ ሆኖ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግዙፉ ኩባንያ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። በኮምፒውተር የሚሠራው ፕሮግራም ከእንግዲህ አይታደስም፤ በስልክ የሚሠራው ግን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ኮምፒውተሮች በልማዳቸው ራሳቸውን ሲያድሱ ግን ፕሮግራሙ አልነሳ አለ። ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። ረጅሙ ሲሠራው እያንዳንዱን ሥራ በራሱ ዓይነት ፋይል እንዲያስቀምጥ አድርጎት ነበርና ሌላ ፕሮግራም አያነበውም። የስልኩም ቢሆን አያውቀውም። የፎቶ ቤቶች የብዙ ዘመን ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል፣ ስሙ ይነበባል፣ ቦታ ይይዛል፤ ሲከፍቱት ግን ባዶ ነው።

ጮሌው የሶፋ ደንበኛውን አቁሞ ደወለላት። አሁን አንድ በአንድ ተመልሰው ይመጣሉ አለ። እውነት ለመናገር እሷም ደስ አላት። ደስታው የቆየው እስከ ማግስቱ፣ እትዬ እስክትደውል ድረስ ነው።

እትዬ ብዙ ይቅርታ ካስቀደመች በኋላ ነገሩን ተናገረች። በቅርቡ ሰርጓን ያነሳችላት ሙሽራ አባቷ ሞቶባታል። አባትና ልጅ የተነሱትን ፎቶ በትልቁ አሳትሚልኝ ብላታለች፤ ፎቶው ግን እዚያ ፋይል ውስጥ ነው፤ ካሜራው ያነሳውን ዋናውን ደግሞ ቦታ ለማግኘት ብላ አጥፍታዋለች። "ልጅቷን ዐይኗን እያየሁ ምን ልበላት?" አለች።

እሷም ፋይሉን ላኪልኝ አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ፋይል እንደ ተቆለፈ ሣጥን ከየአቅጣጫው መነካካት ያዘች። ሌሎች ፎቶ አንሺዎችም ሰምተው የራሳቸውን ላኩላት። ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ስታስተያይ አሠራሩ በጥቂት በጥቂቱ ይገለጥላት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ፎቶ ተከፈተላት፤ ሙሽራዋ ተዘቅዝቃ፣ መልኳም እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ።

ረጅሙ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። የኩባንያው ስም ያለበትን ጃኬት ደረጃው ላይ አውልቆ ገልብጦ ይዞታል።

"ፋይሎቹን ልትከፍቺ እየሞከርሽ ነው ሲሉ ሰማሁ" አለ።

"ልትከለክለኝ መጣህ?"

"ልለምንሽ ነው የመጣሁት።"

ተቀምጦ አወራት። የሴት ልጁ ፎቶ ሁሉ፣ ከተወለደችበት ቀን እስከ ትምህርት ቤት እስክትገባ፣ በገዛ ፕሮግራሙ የተቀመጠ ነው። መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ወረፋ ላይ ነው ተብሏል። በገዛ እጁ የጻፈውን ኮድ ለማየት የሌላ ክፍል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ አልመጣም። ለራሱ ሥራ ደጅ ጠኚ ሆኗል። ይህን ሲናገር ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር ጀምሮ ሲከነክናት የኖረውን ያኔ ጠየቀችው። "ስትሸጠው ምን ይሆናል ብለህ ነበር?"

ረጅሙ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አጠፈ። "ዕድሜ ያገኛል ብዬ ነበር። እኛ ጋ እያለ በየጊዜው ሊሞት ሲል ነበር የምናተርፈው። እነሱ ጋ አሳዳጊ አያጣም ብዬ። ለካ የፈለጉት ሠራተኞቹን ኖሯል። እኛን ለስልኩ ሥራ ወሰዱን፣ እሱን ዳር አስቀመጡት።"

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ግን ቁጣው አልመጣላትም። ያን ጊዜ የእሷን በር አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ ትፈርም ነበር። ጮሌው እንዲያውም ብዕሩን አቀብሎ ወረቀቱንም ደግፎ ይይዝላት ነበር።

ረጅሙ ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት አንዱን ስቦ እርሳስ አነሳ፤ የፋይሉን አሠራር ሊስልላት። እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችበት።

"አትንገረኝ" አለችው። "ውል ፈርመሃል። ከነገርከኝ አንተም ትከሰሳለህ፣ የእኔም ሥራ የሌባ ሥራ ይባላል።"

"ታዲያ በምን ልርዳሽ?"

"የልጅህን ፎቶ ስጠኝ። ስከፍተው መልኳ ልክ መሆኑን እንደ ሠሪው ሳይሆን እንደ አባቷ ንገረኝ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። ግራጫው ክፍል ውስጥ ከኋላዋ ይቀመጣል፤ እሷ ስለ ፋይሉ አትጠይቀውም፣ እሱም አያነሳም። መጀመሪያ ልጅቷ አረንጓዴ ነበረች፣ ቀጥሎ የታመመች መሰለች። አንድ ቀን እሷ አሁንስ ደረስኩ ስትል እሱ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ አልነበረችም። ያን ቀን ትኩሳት ነበረባት፣ ጉንጯ ይግል ነበር" አላት። እሷም ቀዩ ቀለም የጠፋበትን ቦታ ፍለጋ ተመለሰች። ብዙ ደከመች። በኋላም አሳየችው። ዞር ስትል እጁን አፉ ላይ አድርጎ አየችውና ወንበሩን ትታለት ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች።

የሙሽራዋና የአባቷ ፎቶም በዚያው ሳምንት ታተመ።

ከጮሌው ጋር የተጣሉት ከዚህ በኋላ ነው። እሱ የረጅሙን ፋይሎች የሚያነበውን መክፈቻ ፕሮግራማችን ውስጥ እናስገባው፣ የተከፈተው ፎቶ በእኛ ፋይል ብቻ ይቀመጥ፣ ያኔ ደንበኞች የትም አይሄዱም አለ። እሷ የምትፈልገው ሰው ፎቶውን በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበብ ተራ ፋይል አውጥቶ እንዲወስድ ነው።

"ደጁን በርግደን ሰው ሲወጣ ቆመን ልናይ ነው?" አላት። "ያን ሁሉ ጊዜ ሶፋ የሸጥኩት ለዚህ ነው?"

"እኛስ ነገ ብንዘጋ እትዬን ማን ሊከፍትላት ነው?"

ጮሌው ተነስቶ ወጣ። አኩርፎ ለጥቂት ቀን ስልኳን አላነሳም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥቶ፣ ሰላም ሳይላት፣ መክፈቻውን የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ጥሩ አድርጎ ጽፎታል። ተናዶም ቢሆን መሸጥ ያውቅበታል።

የሆነውም እንደፈራው ነው። ብዙዎቹ ፎቶአቸውን አውጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። ጥቂቶቹ ቀሩ። እትዬ ተመልሳ መጣች፣ ግን ለቀላል ሥራ የግዙፉን ኩባንያ ፕሮግራም በስልኳ እንደምትጠቀም አልደበቀቻቸውም፤ እነሱም አልተቀየሟትም። የቀሩት ደንበኞች የአንዱን ክፍል ኪራይ ይችላሉ። ጮሌው የሶፋውን ሥራ አልተወም፤ እንዲያውም ወዶታል፣ ሶፋ ራሱን አያድስም ይላል። ረጅሙ ልጁን ይዞ አንድ ጊዜ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው የሚገናኙት። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሥራ ላይ መድቦታል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም፣ እሷም አትጠይቅም።

አሁን የያዘችው ሥራ የራሳቸው ፋይል እንዴት እንደተሠራ ማንም ፕሮግራም ጸሐፊ በሚገባው መንገድ ጽፋ ለሁሉም ይፋ ማውጣት ነው። ወንድሟ ተፎካካሪ ያነበዋል ሲላት ያንብበው አለችው። ስትጀምረው የአንድ ሳምንት ሥራ መስሏት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ለምን እንዲያ እንዳደረገችው ጠፋባት፤ በፋይላቸው ውስጥ ከተስተካከለው ፊት ሥር ያልተስተካከለው ፊት ሳይነካ ተቀምጧል። ጮሌውን ጠየቀችው። እሱ አስታወሰ፤ መጀመሪያ ላይ ደንበኞች በስልክ ይለምኑት ነበር፣ ሰው መልኩን አሳምሩልኝ ይልና ኋላ ራሴን መልሱልኝ ይላል ብለው።

እሷም ያንን እንዳለ ጻፈችው።