አባ ኮዳዎቹ የወደቁ ዕለት

ሉሊት ስትደርስ ሁለተኛው ግራር ተገንድሶ ነበር። ኢስትሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ሠርክ የተባለችው ጓደኛዋ ደውላ «ወፎችሽን እየጨረሷቸው ነው፤ ቶሎ ነይ» ስላለቻት፣ የቤተ ሙከራ ጋዋኗን እንኳን ሳታወልቅ ሞተር ተሳፍራ ነው የመጣችው።

ዛፉ በገበያው አጥር ላይ ተጋድሟል። መብረር ያልጀመሩ የአባ ኮዳ ጫጩቶች የተሰበረ ክንፋቸውን እየጎተቱ በሸራዎቹ መሀል ይርመሰመሳሉ፤ ነጋዴዎቹ የቀጠሯቸው ጎረምሶች ዱላና ፓንጋ የሚሉትን ቆንጨራ ይዘው ያሳድዷቸዋል። አንዱ ጫጩቱን ረግጦ አንገቱን በፓንጋው ሲለው ደሙ ጉልበቱ ድረስ ተፈናጠቀ። ሌላው የጫጩት እግር ይዞ ከግንብ ጋር ያላትማል። ከላይ እናቶቹ ይዞራሉ። አባ ኮዳ መጮህ አይችልበትም፤ ምንቃሩን ማንቋቋት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሉሊት ሮጣ መጋዝ የተደገነበትን ሦስተኛውን ዛፍ በጀርባዋ ተደገፈች። መጋዙ ቆመ።

የነጋዴዎቹ ሰብሳቢ፣ ጫማ ሻጩ አገኘሁ፣ ስልኩን ይዞ ቀረባት።

«ዶክተር፣ ይሄን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? ጋዜጣው ስምሽን ጠቅሷል። ‹አባ ኮዳ፦ የከተማው የበሽታ ጎተራ› ይላል። ልጄ መድኃኒቱ ሁሉ አልሠራ ብሎት ሆስፒታል ከርሞ ነው የወጣው።»

«ጋሼ፣ ወፎቹ መድኃኒት የማይገድላቸውን ተህዋሲያን ያገኙት ከእኛ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻው ካልተነሳ ዛፍ ብትቆርጡ ምንም አይለወጥም። ጥናቱ ውስጥ ተጽፏል።»

«ርዕሱን ማን አወጣው ታዲያ?»

የሉሊትን ጥናት ሁለት መጽሔቶች መልሰውባት ነበር። አብሯት የሠራው ፊሊጶስ «ለስላሳ ርዕስ ማንም አያነብም» ብሎ ‹ጎተራ› የሚለውን ሲያስገባ፣ ደክሟት ስለነበር እሺ ብላ ላከችው። በዚህ ርዕስ ሦስተኛው መጽሔት ተቀበለው።

ከኋላ የተሰነዘረውን ዱላ አላየችውም። ግራ ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። ወደቀች፤ ሰው ጎኗን ረገጣት፤ ደግሞ ረገጣት። አገኘሁ «ሴትየዋን ተዋት» ሲል ቢሰማም የረጋጩ እግር አላቆመም። ሠርክ ብብቷን ይዛ እየጎተተች ሱቋ ውስጥ አስገባቻት። ሦስተኛው ዛፍ ሲወድቅ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ጎረምሶቹ ከሄዱ በኋላ ፊሊጶስ የናሙና ሳጥን አንጠልጥሎ መጣ። ያልሞቱ ጫጩቶች አስፋልቱ ላይ ይንፈራገጣሉ። ሉሊት ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ወጣች።

«ሆስፒታል እወስድሻለሁ» አላት። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። «ግን መጀመሪያ ከጫጩቶቹ ደም እንውሰድ። ይሄ ሁለተኛ ጽሑፍ ይወጣዋል።»

በደህና እጇ አፉን አለችው። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠና «ርዕሱን አብረን ነው የላክነው» አላት።

«አውቃለሁ። አሁን ያዝልኝ፣ ከሥቃያቸው እንገላግላቸው።»

ባንድ እጅ አንገት መስበር አልቻለችምና እሱ የጫጩቶቹን ገላ ወደ ደረቱ አጥብቆ ይይዛል፣ እሷ ትጠመዝዛለች። የመጀመሪያው ክንፉን አርገብግቦ የፊሊጶስን ፊት ቧጠጠው። አንዱ ቶሎ አልሞት ብሎ ደግማ ጠመዘዘችው፤ እዚያ ላይ ፊሊጶስ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። አገኘሁ ከሱቁ ደጃፍ ሲያያቸው ቆይቶ መዝጊያውን ወደ ታች ሳበው።

ክንዷ በጀሶ እያለ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ርዕሱ ይቀየርልኝ ብላ ጻፈች። አዘጋጁም ርዕስ የሳይንስ ስህተት ስላልሆነ አይቀየርም፤ ጽሑፉም በብዛት ከተነበቡት አንዱ ሆኗል፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እሷና ፊሊጶስ የሆነውን ሁሉ ጽፈው አጭር ማብራሪያ ላኩ። ታተመ። ጋዜጣው ግን አላነሳውም።

ዝናቡ ሲገባ የተረፉት አባ ኮዳዎች ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አጥር ግቢ ውስጥ፣ ጎጆ ሲሠሩ አገኘቻቸው። ጎጆዎቹ የት እንደሆኑ ፊሊጶስ ጠየቃት።

«ለአንተም አልነግርህም» አለችው።

እሱም መልሶ አልጠየቃትም።