እስከ ሐሙስ ድረስ መበለት

ሸፋቃት ግብር ከመክፈል ጥርሱን ማስነቀል ይመርጥ ነበር። የተነቀለ ጥርስ አንዴ አሞ ይተዋል፤ ግብር ግን በየዓመቱ ተመልሶ ይበቅላል ይል ነበር። ጉጅራንዋላ ከተማ ውስጥ የሴራሚክ መሸጫ ሱቅ አለው። ደረሰኝ የጠየቀው ደንበኛ ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ጥራዙ ትናንት አለቀ።»

ቤቱን የሠራው በሰው ገንዘብ ነው። ሲሚንቶው በዱቤ መጣ፣ ብረቱ ከአማቱ በተገኘ ብድር ተገዛ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደግሞ በሱቅ ጎረቤቶቹ እቁብ ቆመ። መሬቱ የአባቱ ነበር። ታላቅ እህቱ ዙበይዳ ከዚያ መሬት ድርሻ ነበራት፤ ግን ጨዋ እህት ናትና ድርሻዋን ለወንድሟ ትታ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመችለት። እሱም ውለታ አይረሳም፤ ለዒድ አንድ ሻሽ ገዛላት።

ባሏ ሞቶ ወደ ወንድሟ ቤት ስትመለስ ሻሹ አርጅቶ ነበር። ሸፋቃት ከደረጃው ሥር ያለችውን፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር የተተከለባትን ክፍል ሰጣት። ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። «ብቸኝነት እንዳይሰማት ነው» ይል ነበር። ሚስቱ ናሂድ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ዙበይዳ ሻይ ስታቀርብ፣ «ምን ይደረግ፣ አንድ አፍ ተጨመረብን» ማለት አትረሳም።

ቤቱ አልቆ ዓመት ሳይሞላው የቤት ግብር ማስታወቂያ መጣ። ሸፋቃት ወረቀቱን እንደ አስከሬን ተሸክሞ ሻይ ቤት ሄደ። እዚያ ሪያሳት የሚባል፣ ከራሱ ሥራ በስተቀር ሁሉን የሚያውቅ ወዳጅ አለው።

«አንተ ሞኝ» አለው ሪያሳት፣ «ባሏ የሞተባት ሴት እኮ በምትኖርበት በራሷ ቤት ግብር አትከፍልም። እናንተ ቤት መበለት የለችም እንዴ?»

«አለች እንጂ! እንዴት የመሰለች መበለት!» አለ ሸፋቃት። ስለ እህቱ እንዲህ ፊቱ በርቶ ሲናገር ሰው ያየው ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዙበይዳን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ ወሰዳትና ቤቱን በስሟ አዞረው። ሲመለሱ ጠየቀችው።

«ሸፋቃት፣ ቤቱ የኔ ሆነ ማለት ነው?»

«በወረቀት ብቻ ነው እትዬ። ወረቀት ደግሞ ምን አለው? ዝናብ ከነካው አበቃ።»

«ዝናብ ካልነካውስ?» አለች። እሱ አልሰማትም፤ ከባለ ባጃጁ ጋር ስለ ሒሳብ ይጨቃጨቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰላም ሆነ። ጎረቤት ሁሉ የቤት ግብር ሲከፍል ሸፋቃት ሻይ ቤት ተቀምጦ ያዝንላቸው ነበር። የቤቱ ባለቤት ግን ወንድሟ ያነሳላትን ትራፊ ትበላለች፤ ከሞተሩ ጋር ትተኛለች።

አንድ ቀን የሠፈሩ የጋብቻ አገናኝ እማማ ኩልሱም እየተፍለቀለቁ መጡ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! ለእህትህ ባል አገኘሁላት!»

ሸፋቃት የያዘውን ሻይ ልብሱ ላይ ደፋው። «ባል ፈልጉ ያልዎት ማነው?»

«አንተ ነሃ! ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስትለምነኝ አልነበር? ‹ሽማግሌም ይሁን፣ ዓይነ ስውርም ይሁን፣ ብቻ ከቤቴ ይውሰድልኝ› አላልክም? ይሄኛው ሁለት ዓይን አለው፤ የሚታለቡ ጎሾችም አሉት። ወተት ሻጩ ኢናየት ነው።»

«ያኔ ሌላ፣ አሁን ሌላ። እህቴ ሐዘኗ ገና አልወጣላትም።»

«ባሏ ከሞተ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!»

«ሐዘን በዓመት ይለካል እንዴ እማማ?»

ከደረጃው ሥር ድምፅ መጣ። «እማማ ኩልሱም፣ ሻይ ሳይጠጡ እንዳይሄዱ። ሐዘኑ ወጥቶልኛል።»

የዚያን ዕለት ባልና ሚስት በር ዘግተው መከሩ። ዙበይዳ ካገባች መበለትነቷ ያበቃል፤ ግብሩም ይመጣል። ከግብሩ የባሰው ደግሞ ቤቱ ከነስሟ ወደ ወተት ሻጭ ቤት መሄዱ ነው።

«ታዲያ መልሰህ በስምህ አታዞረውም?» አለች ናሂድ።

«የማዞሪያው ክፍያ እኮ ከያኔው ዐሥር እጥፍ ሆኗል፤ ሱቁን ያዘጋኛል! እሷ መበለት ሆና ብትቀር ነው የሚሻለው። ለሁላችንም።»

«ለእሷም ይሻላታል» አለች ናሂድ። «በዚህ ዕድሜዋ ባል ምን ያደርግላታል?»

ስለዚህ ዙበይዳን ይንከባከቧት ጀመር። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ተሰጣት። ራት ላይ ናሂድ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ በገዛ እጇ ሳህኗ ላይ አኖረችላት።

ዙበይዳ ሥጋውን አየችው፤ ወንድሟን አየችው። «ምነው? ልሞት ነው እንዴ? ሐኪም የነገራችሁ ነገር አለ?»

«ኧረ አይደለም! የቤታችን በረከት እኮ ነሽ» አለ ሸፋቃት።

«በረከት ከሞተር ጋር ነው እንዴ የሚተኛው?»

«እትዬ፣ ያለፈው አለፈ። ይልቅ ይህን ጋብቻ ተይው። ካልሆነም ከሠርጉ በፊት ቤቱን መልሺልኝ። ክፍያው ቢገድለኝም እችለዋለሁ። አውራ ጣትሽን ብቻ ነው የምፈልገው። ጨዋ እህት...»

«ጨዋ እህትነትን አንዴ ሞክሬዋለሁ» አለች ሥጋዋን እየበላች። «አንድ ሻሽ ነው ያስገኘልኝ። ሠርጉ ሐሙስ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት፣ የሠፈር ሴቶች የዙበይዳን እጅ ሂና ሲቀቡ፣ በሩ ተንኳኳ። ላቡ ግንባሩ ላይ የሚወርድ ወጣት የግብር ተቆጣጣሪ ነበር።

«ከግብር ነፃ የሆኑትን ቤቶች እያየን ነው። መበለቲቱ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለ ሸፋቃት በሩን ግማሽ ይዞ። «ግን ታመዋል፤ ሰው አያናግሩም።»

ይህን ጊዜ ዙበይዳ ሂናው እንዳይነካባት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ እንዳነሳች ከኋላው ብቅ አለች።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው እናቴ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«የቆዳ በሽታ ነው ጌታዬ» አለ ሸፋቃት ፈጥኖ። «ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ነው።»

ተቆጣጣሪው ጠጋ ብሎ ተመለከተ። «ሐኪሙ አበባ ሲሥል ያምርበታል» አለ። «እናቴ፣ መበለት ነዎት?»

ሸፋቃት በዓይኑ ለመናት።

«ነኝ» አለች። ወንድሟ ተነፈሰ። «እስከ ሐሙስ ድረስ።»

«ከዚያ በኋላስ እዚህ ማን ይኖራል?»

«እኔ ባሌ ቤት እገባለሁ። እነዚህ» አለች፣ እጇ አልደረቀምና ወንድሟንና ሚስቱን በአገጯ እያሳየች፣ «ተከራዮቼ ናቸው።»

«የተከራየ ቤት ግብሩ ከፍ ይላል።»

«ይበል። ከኪራዩ ላይ እከፍላለሁ።»

«የምን ኪራይ?» ብሎ ጮኸ ሸፋቃት። «ጌታዬ፣ አይስሟት! ቤቱ የኔ ነው! በስሟ ያለው እንዲያው በወረቀት ብቻ ነው!»

ተቆጣጣሪው ላቡን መጥረጉን ተወ። «በወረቀት ብቻ? ለነዚህ ሁሉ ዓመታት ግብር ለመሸሽ በውሸት አዙረኸዋል ማለት ነው?»

ከደረጃው ሥር ሞተሩ ያጉረመርማል። ሸፋቃት ወደ ቤቱ ቀና ብሎ አየ፤ በዱቤ ሲሚንቶና በአማቱ ብረት የቆመውን።

«አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም» አለ። «የእሷ ነው። ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።»

ተቆጣጣሪው ይህን ጻፈና ሄደ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ!» አለ ሸፋቃት።

«እሱማ ነህ። ባትሆንማ ከደረጃው ሥር አስገባህ ነበር።»

ሸፋቃት ዛሬም የሲሚንቶውን ዕዳ ይከፍላል። የአማቱንም ብድር ገና አልጨረሰም። ሻይ ቤት ሲቀመጥ ግን እንደ ድሮው ደረቱን ነፍቶ፣ በዕድሜው አንዲት ሩፒ የቤት ግብር ከፍሎ እንደማያውቅ ያወራል። እውነቱን ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይከፍላል?

ወር በገባ ቁጥር ዙበይዳ በባጃጅ ትመጣለች። ባለፈው ኪራዩን ቆጥሮ ከሰጣት በኋላ እጁን ዘረጋ።

«ደረሰኝ ስጪኝ።»

ዙበይዳ ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ባጃጁ ላይ ወጣች።

«ጥራዙ ትናንት አለቀ» አለችው።