የተሰረዘው ስም

በቻይና ጥናት ክፍል ለመመረቂያ ጥናቱ ወደ ቻይና ሊሄድ የሚያስብ ተማሪ ሁሉ በአንድ ፎቶግራፍ ይፈተናል። ፎቶው የድሮ ነው። አንድ ሰው መድረክ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ደረቱ ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሎበታል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስሙ በወፍራም ቀለም ተሰርዟል። በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ሰው በአደባባይ የሚዋረደው እንዲህ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከአንድ መዝገብ ቤት ያገኙትን ይህን ፎቶ በየዓመቱ ስክሪን ላይ ያወጡታል። ስሙን ያነበበ ይሄዳል፤ ያቃተው መዝገበ ቃላቱን ታቅፎ ይከርማል።

ጓደኞቿ «ቸኩሌ» የሚሏት ተማሪ የምትከርምበት ጊዜ የላትም። አባቷ «ከፈለግሽ ቻይና፣ ከፈለግሽ ጨረቃ ሂጂ፤ ዘንድሮ ካልሆነ ግን ሱቅ ትገቢያለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

በፈተናው ቀን ፕሮፌሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ጋብዘዋል፤ ከጎናቸው ባለው ክፍል ቻይንኛ የሚያስተምሩትን፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸውን አዛውንት ቻይናዊ። ጋሼ ዘግይተው ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ቸኩሌ ደግሞ መቼ ትጠብቃለች። ከስርዙ በላይና በታች ብቅ ያሉትን ጭረቶች በጣቷ ተከተለችና ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው። ክፍሉ አጨበጨበላት።

«ምን አጥፍቶ ነው ግን? ሥጋ ሰርቃ የተያዘች ድመት እኮ ነው የሚመስለው» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ተነሡና ቀስ እያሉ እስከ ስክሪኑ ድረስ ሄዱ።

«አባቴ ናቸው» አሉ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ስንት ዓመት ከጋሼ ጋር ምሳ የበሉት ፕሮፌሰር ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የቤተሰብ ስምዎ ግን ሌላ ነው» አሉ እንደምንም።

«የእናቴ ወገን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የአባቴ ስም ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ፎቶግራፋቸውም አልነበረንም።»

ቸኩሌ ክው አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ዘመኑ ስንት ነገር አንብባለች፤ ይህ ሰው ልጅ ይኖረው ይሆን ብላ ግን አንድ ቀን አላሰበችም። «ድመት» ያለችው ጆሮዋ ውስጥ ይጮህባታል።

«ጋሼ፣ እኔ አባትዎን… እሳቸውን…» ብላ ቀረች።

ፕሮፌሰሩ ፕሮጀክተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ይተዉት» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ልጄ፣ እስቲ ስሙን ድገሚልኝ።»

ቅድም የጮኸችበት አፍ አሁን እምቢ አላት። በመጨረሻ በሹክሹክታ አወጣችው። ጋሼ ክፍላቸው ውስጥ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን አነሡ።

«የመጨረሻው ድምፅ ቃና ወርዶ ይነሣል። እንደገና።»

ደገመችው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከዚያ ቀን በፊት እናቴ እንዲህ ነበር የምትጠራቸው» አሉ።

ፕሮፌሰሩ ማለፏን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እሷም አልጠየቀቻቸውም። ወንበር ስባ ለጋሼ ስክሪኑ ፊት አኖረችላቸው።