የቀኝ እጅና የግራ እጅ ሽቶ

ልጅቷ የመጀመሪያ ደመወዟን ሳትቀበል ልቧ ሽቶ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል። የሚጠዘጥዛትን ጥርስ ትታ ስሙ የገነነ የበጋ ሽቶ ልትገዛ! እናቷ እንቅልፍ አጣች።

«እዚያው ሱቅ እሱን የሚመስል ርካሽ አለ አላልሽም?»

«እማዬ ደግሞ! ርካሹ እኮ ከደጅ ሳትወጪ ይጠፋል።»

«እኔ ልሞክረዋ! የሁለቱንም ናሙና አምጪልኝ። እኩል ከቆዩ ርካሹን ገዝተሽ ጥርስሽን ትታከሚያለሽ። ውዱ ከበለጠ አፌን እዘጋለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እናት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ልጅቷ ናሙናዎቹን ባመጣች ማግስት ጠዋት ውዱን ቀኝ እጇ ላይ፣ ርካሹን ግራዋ ላይ ረጭታ ሥራ ገባች።

«ምነው፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የምትተኩሰው ጓደኛዋ።

«አትቀልጂ፣ ይልቅ አሽትቺልኝ።»

ወደ ማምሻው ቀኝ እጇ ምንም አይሸትም፤ ግራዋ ግን ሎሚ ሎሚ ይላል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ካውያውን ልታስቀምጥ ስትል ግን ክው አለች። ካውያው በቀኝ እጇ ነው! ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ሲገርፈው የዋለው ውዱን ነው።

«ታዲያ ማን አየሽ? ዝም በያ!» አለች ጓደኛዋ።

«ልጄን አታልዬማ አላሳክማትም።»

ቤት ስትገባ ልጅቷ የእናቷን ግራ እጅ ይዛ አሸተተች። «ርካሹ ነው? ጉድ! አሸነፍሽኛ!»

«ገና ነው። ካውያ የያዝኩበት እጅ ላይ የነበረው ውዱ ነው። ነገ አቀያይራለሁ።»

አለች እንጂ ፈርታለች። ውዱ እንፋሎቱን ቢችለውስ? ርካሹ ቢተንስ? የጥርሱ ነገር አበቃለት ማለት ነው። ቢሆንም ጠዋት ርካሹን ቀኟ ላይ፣ ውዱን ግራዋ ላይ ረጨች።

ማታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ግራ እጇን ልጇ አፍንጫ ሥር ደቀነች።

«ሽታው ያው የትናንቱ ነው። ሳታቀያይሪ ቀረሽ እንዴ?»

«አቀያይሬአለሁ። ይሄ ውዱ ነው። ርካሹ ዛሬ ቀኜ ላይ ነበር፤ እሱንም እንፋሎቱ ጠራርጎ በልቶታል። ግራዬ ላይ ግን ትናንት ርካሹ፣ ዛሬ ውዱ፣ እኩል ዋሉ።»

ልጅቷ ደግማ አሸተተች፤ ዓይኗንም ጨፍና ሞከረች። አልለይ አላት። ልትስቅ ስትል ጥርሷ ወጋትና ጉንጯን ያዘች።

«እሺ፣ ተረታሁ። ሐኪሙ ጋ ግን ብቻዬን አልሄድም።»

«ማን ብቻሽን ይለቅሻል? ርካሹን ተቀብተን እንሄዳለን!»