የምስጋናው ገጽ

ሔራን በሕይወቷ ከጻፈቻቸው ገጾች ሁሉ እጅግ የደከመችበት የጥናቷ የምስጋና ገጽ ነበር። የዓሣውን ርዝመት፣ የእንቁላሉን ክብደት፣ የውሃውን ሙቀት የጻፈችው በእጇ ነው፤ ያንን ገጽ ግን በልቧ ጻፈችው። ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው። የአስጋሪውን የጋሽ ቡርሀንን ስም ከሁሉ በላይ አስቀመጠችና፣ ሲነበብ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች። ያንን የመሰለ ጥፋትም በሕይወቷ አላጠፋችም።

የሐዋሳ ልጅ ናት። የዓሣ ሳይንስ መምህርት ሆና ባሕር ዳር ከገባች ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ከሰባቱ አምስቱን ግን ያሳለፈችው ከማስተማሪያ ክፍሏ ይልቅ ከይፋግ ወደ ጣና ወረድ ብሎ ባለ የሙስሊም አስጋሪዎች መንደር፣ ጭቃ ላይ ነው። ሚዛንና ማስመሪያ ይዛ ዳርቻው ላይ ትቀመጣለች፤ ጀልባ በገባ ቁጥር ዓሣውን ትለካለች፣ ሆዱን ከፍታ ታያለች፣ ትጽፋለች። አስጋሪዎቹ መጀመሪያ ላይ መሳቂያ አድርገዋት ነበር። ቁመቱን የምትለኪው ልትድሪው ነው ወይ ይሏታል። እሷም ሙሽራው ሲያድግ እጠራችኋለሁ ትላለች። ሳቁ ውሎ አድሮ ወዳጅነት ሆነ። አሥራ ሰባቱም የአስጋሪዎች ማኅበር አባላት ደብተሯ ውስጥ ገቡ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር። ስማችሁ ከዚህ ደብተር አይወጣም ብላ ለእያንዳንዳቸው ቃል ገባች።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ነጭ ዓሣ የሚሉት የጣና ዝርያ እያለቀ ነው። ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ ይወጣል፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የጠበቀው ሰው እናቲቱንም ልጆቿንም አንድ ላይ ይዞ ይመለሳል። በመንደሩ እንቁላል የያዘች ዓሣ ማጥመድ ነውር ነው ይባላል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ ሙኒርማ በየስብሰባው ይመክሩበታል። ዓሣው ግን ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ወንዞቹ ብዙ ናቸው። የትኛው አፍ ላይ እንደሚሰበሰብ የሚያውቀው አስጋሪው ብቻ ነው፣ እሱም አይናገርም። ያ ቦታ ከአባት ለልጅ የሚሰጥ ውርስ ነው፤ ለሚስት አይነገርም፣ ለወንድም አይነገርም።

ጋሽ ቡርሀን ግን አሳዩዋት። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሐይቁን ጥለው ሄደዋል፤ አንዱ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው መራዊ በመስኖ እርሻ በቀን ሥራ ያድራል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ ሔራንን በጀልባቸው ይዘዋት ወጡ። በደንገሉ መካከል ወደተከፈተች ጠባብ የወንዝ አፍ አደረሷትና መቅዘፊያውን አነሡ። ውሃው በዓሣ ጀርባ ይገላበጥ ነበር።

«እናት በር ትባላለች» አሏት። «አባቴ እዚህ አምጥቶ ሲያሳየኝ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔ ግን ልጆቼን ምኑን ላውርሳቸው? ትዘጋ እንደሁ ብዬ ነው ያሳየሁሽ።»

ስሜን አታንሺ አላሏትም። ይህን መናገር ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው በመንደሩ የለም።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱ እግር አወጣ። ሔራን ብቻዋን አልነበረችም። የሕግ መምህሩ ጌትነት ከሽማግሎቹ ጋር እየተቀመጠ እናት በርን በክረምት ለመረብ የሚዘጋ፣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስከብሩትን ደንብ አረቀቀ። መሐንዲሷ የብርጓል ደግሞ ዓሣ ሳይበላሽ የሚደርቅበት የሽቦ ቆጥ ሠራች፤ በሩ በሚዘጋባቸው ሁለት ወራት ቤተሰቡ ቀድሞ ያደረቀውን እየሸጠ እንዲያድር። የመጀመሪያውን ቆጥ ድመት ሲወጣበት፣ እግሮቹን በቆርቆሮ እንድትጠቀልል የመከሯት የጋሽ ቡርሀን ሚስት ሐቢባ ናቸው። የሦስቱ ሥራ እንደ ጉልቻ ነበር፤ አንዱ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል።

የምስጋናውን ነገር ያነሣው ጌትነት ነው። የሰው እውቀት ወስዶ ስሙን መደበቅ ሌብነት ነው አለ። በእነሱ ዓለም ይህ እውነት ነው፤ መምህር ከመምህር አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ስም ሳይጠራ ቢቀር ይዋረዳል። ሔራንም በዚሁ ሚዛን መዘነችው። ስም አይወጣም ያለችው ስለሚመዘነው ዓሣ ነው፣ ይህ ደግሞ ክብር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ድንገት ልታስደስታቸው ስለፈለገች ለጋሽ ቡርሀን ሳትነግራቸው ቀረች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አሥራ ሰባቱም መጡ። ሐጂ ሙኒር ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ ቡርሀን ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል። ጌትነት የጥናቱን ጥራዝ ገልጦ በቀጥታ ወደ ውጤቱ ሊገባ ሲል ሐጂ ሙኒር እጃቸውን አነሡ። በእነሱ መንደር ወረቀት ከመጣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ይነበባል፤ ዘልሎ የሚያነብ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ጌትነት ደስ እያለው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። እናት በርን በጀልባቸው ወስደው ላሳዩን፣ ያለ እሳቸው ይህ ጥናት ለማይታሰበው ለአቶ ቡርሀን እያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

ሔራን ፈገግ እንዳለች ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ቡርሀን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። አጠገባቸው የነበረው ሰው ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ያኔ ገባት። ንባቡን ልታስቆም ብድግ አለች፣ ግን የሚቆም ነገር አልቀረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀቱማ ጨርሶ መታሻም የለው። ሐጂ ሙኒር መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በዐሥር ቀን መልስ እንሰጣለን ብለው ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ከጋሽ ቡርሀን አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ሔራን መንደሩ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ጀልባውን ነው። በዚያ ዳርቻ ጀልባ ውሃ ላይ አያድርም፤ ማዕበል ይሰብረዋል፣ እንጨቱም ውሃ ይጠጣል። ወደ ደረቅ መሳቡን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የማንም ጀልባ ይግባ፣ ዳር ላይ ያለ ሁሉ ሳይጠራ ወርዶ ገመዱን ይይዛል። የተጣላም ይስባል፣ ደም የተቃባም ይስባል። የጋሽ ቡርሀንን ጀልባ ግን በስብሰባው ማግስት ከሐይቅ ከገባ ጀምሮ ማንም አልሳበውም። ግማሽ ጎኑ ሰምጧል፣ እምቦጭ አረሙም ዙሪያውን ገጥሞ መውጫ አሳጥቶታል።

ሐቢባ እስከ ወገባቸው ርሰው ውሃውን በባልዲ ይጨልፋሉ። ሔራንን ሲያዩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ሁለቱ ገመዱን ይዘው ቢስቡ ጀልባው ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ራቅ ብለው ሰባት ወንዶች መረብ ይጠግናሉ። አንዱም ቀና ብሎ አላየም።

ጋሽ ቡርሀን ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሔራን እግራቸው ሥር ተቀምጣ ይቅርታ ጠየቀች፣ አለቀሰችም። ጥራዙን ሰብስባ እንደምታቃጥል፣ እናት በርን ያገኘሁት ራሴ ነኝ ብላ ለማኅበሩ እንደምትናገር ቃል ገባች። እሳቸው አስጨረሷት።

«አንድ ከዋሸሽ ወረቀትሽ ሁሉ ውሸት ይሆናል» አሏት። «በሩም አይዘጋም። ያን ጊዜ ጀልባዬንም አጣሁ፣ በሩንም አጣሁ። ተይው ልጄ። እኔ አንዴ ገብቻለሁ፤ አንቺ አትከተይኝ።»

እሷ ግን ቀድማ ገብታ ነበር። የሚያወጣ መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቦርሳዋ ውስጥ አለ፦ የአምስት ዓመቱ ደብተር። በክረምት፣ እንቁላሉ ሊፈስ የደረሰ ነጭ ዓሣ ከእናት በር በቀር ከየትም አይመጣም። ደብተሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓሣ ማን እንዳመጣ በቁጥር ይናገራል። አሥራ ሰባቱም አምጥተዋል። እያንዳንዱ ለእሱ ብቻ የተሰጠ ምሥጢር እየመሰለው፣ ከሌላው ተደብቆ፣ ያችኑ አንዲት በር ሲያራቁት ኖሯል። ቁጥር አንድ ሐጂ ሙኒር ናቸው። የዓሣውን ሆድ ያየችው እሷ ብቻ ስለሆነች ይህን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ደብተሩን ብታነበው በጋሽ ቡርሀን ላይ የሚፈርድ አፍ አይገኝም ነበር፤ ጀልባው በዚያው ቀን ይወጣል።

ግን ቃል ገብታለች። አንዴ በፍቅር አፍርሳዋለች፤ አሁን ደግሞ በብልሃት ልታፈርሰው ነው? ለጌትነት ስትነግረው ራሱን ያዘ። አንድ ሰው አድናለሁ ብለሽ አሥራ ስድስቱን ከሰጠሽ፣ በጣና ዙሪያ ለመምህር አፉን የሚከፍት ሰው አይኖርም አላት፤ ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም። ብትናገር ገደል፣ ዝም ብትል ገደል ሆነባት።

በዐሥረኛው ቀን ማኅበሩ ዳርቻው ላይ፣ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሦስቱም መምህራን መጡ። ሐጂ ሙኒር ውሳኔውን ተናገሩ፤ እናት በር ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል፣ ቆጡም በየቤቱ ይሠራል፣ ደንቡንም ተቀብለናል አሉ። ሔራን አምስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው፤ ደስታው ግን ልቧ አልደረሰም። ሐጂ ሙኒር ቀጠሉ። የአባቶችን አደራ የበላ ሰው ከማኅበሩ ይውጣ የሚል ሐሳብ መጥቷል አሉ። ከማኅበር ለወጣ ሰው ጀልባ የሚስብለት የለም። ጋሽ ቡርሀን አንገታቸውን ደፍተዋል።

«መምህርት፣ የምትይው አለሽ?» አሉ ሐጂ ሙኒር።

ሔራን ተነሣች። ደብተሩ እጇ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳወጣችው እሷም አታውቅም። ሁሉም ዓይን እዚያው ላይ አረፈ። አንድ ገጽ ብታነብ ይበቃ ነበር።

«ጋሽ ቡርሀን ስሜን ጻፊ አላሉኝም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «የገባሁትን ቃል በእሳቸው ላይ አፍርሻለሁ። በእናንተ ላይ ግን አላፈርስም። እዚህ ውስጥ ያለው እዚሁ ይቀራል።»

ማስፈራራቷ አልነበረም፤ ቃሏን ማደሷ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው በክረምት ሚዛኗ ላይ ያስቀመጠውን ዓሣ አስታወሰ። ሔራን ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከነጫማዋ ወደ ውሃው ወረደች። እምቦጩን በእጇ ገነጣጥላ የጀልባውን ገመድ ያዘች። ጌትነት ሱሪውን ሳይሰበስብ ተከተላት፣ የብርጓልም ቀሚሷን ይዛ ገባች። ሦስት የተማሩ ሰዎች ተጋግዘው ቢስቡ ጀልባው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሌላ ቀን ቢሆን መንደሩ ዓመት የሚስቅበት ነገር ነበር።

ቆይቶ ገመዱ ከኋላዋ ሲወጠር ተሰማት። ዞር ስትል ሐጂ ሙኒር ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል። «ቢስሚላህ» አሉ፣ ለገመዱ እንጂ ለማንም ሳይሆን። ከዋርካው ሥር አንዱ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ጀልባው ጭቃውን እያረሰ፣ የጠጣውን ውሃ እያፈሰሰ ወጣ። ከማኅበሩ ይውጣ የተባለውን ሰው ጀልባ ማኅበሩ ራሱ ስቦለታልና ያንን ሐሳብ ዳግም ያነሣው አልነበረም። ጋሽ ቡርሀን መጥተው ገመዱን ከዋርካው ግንድ ላይ አሰሩ። ወደ ሔራን ግን አላዩም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ አላዩም።

ሰዉ ሲበተን ሐጂ ሙኒር አጠገቧ ቆመው የሽርጣቸውን ጫፍ ጨመቁ።

«ይህን ግን እንዳትጽፊው» አሏት።