ዶሮዋ የጠበቀችው ስክሪን

እመኑኝ፤ ይህ ታሪክ ቡራዩ ውስጥ ከአናቱ እስከ እግሩ የሆነ ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይታሰር።

ያን ሰሞን በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበብ መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ጥርቅም አድርጎ ነበር። መብራት ብቻ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልጠፋም። የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ያለው ሙሴ ብቻውን ቀረ። ጸሐፊዋ አያንቱ እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ እናቷን ልታይ ተፍኪ እንደወረደች መመለሻ አጣች። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ናት፤ ሙሴ ጠይቋት አያውቅም፣ ኩራቱ ነዋ! «አሥር ደቂቃ ካልነኩት ይተኛል» ስትል ግን ሰምቷታል። ከተኛ ይቆለፋል ብሎ ደመደመ። ከተቆለፈ ደግሞ የደንበኛው የኦቦ ባጫ የመሬት አቤቱታ እዚያው ቀረ፤ ማስገቢያው ረቡዕ ነው። አሁኑኑ እንዳያትመው ወረቀት አልቋል፤ ኦቦ ባጫ ፈልገው ሊያመጡ ነው።

ማውዙን ሲነካካ ጣቱ ዛለ። ሰኞ ግቢው ያለችውን ዶሮውን አምጥቶ ማውዙን በሲባጎ ከእግሯ ጋር አሰረና ጥሬ በተነላት። እሷ ስትጭር ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ትዘላለች።

«በርቺ እመቤቴ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?» ይላታል። ውጭ የታክሲ ረዳት ጩኸት እንኳ የለም። የሚሰድበው ሰው ሳይቀር ናፈቀው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ እሱም እሷም አንቀላፉ። ሲባንን ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የሚታየው የገዛ ፊቱ ብቻ። የይለፍ ቃል ሦስቴ ከተሳሳቱ ፋይሉን ይበላል ሲባል ስለሰማ ሊነካው ፈራ።

ኦቦ ባጫ አንድ እሽግ ወረቀት በጋቢያቸው ሸሽገው ደረሱ። «አካም፣ ሙሴ?»

«ተቆለፈብኝ፣ ኦቦ።»

«መሬቴም ተቆለፈ በለኛ» አሉና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ አያንቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። ዶሮዋን አየች፣ ሲባጎውን አየች፤ ማውዙን ነካ ስታደርገው አቤቱታው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ መተኛት ሌላ፣ መቆለፍ ሌላ! መቆለፉን ላንተ ብዬ አጥፍቼው ነው የሄድኩት። ቢተኛ ምን ቸገረህ?»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

አትማ ሰጠችውና ሮጠ። ኦቦ ባጫን ታክሲ በሌለበት ፌርማታ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸው። አቤቱታውን ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሙሴ ግን አልተመለሰም፤ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ዶሮ አለችኝ» አላቸው፣ ወሬ ቢያጣ።

ዶሮዋ እውነት ናት። መብራት አልጠፋም ያልኩት ግን ፈጠራዬ ነው፤ አራቴ ሄዷል፣ ኮምፒውተሩን ያተረፈው ባትሪው፣ ዩፒኤሱ ነው።